የአክስቴ ምራቅ

የቀበሌው ሊቀመንበር በቅሎ ሆዷ የተነፋ ጊዜ፣ እኔ የምሠራበት የላሊበላ ሆቴል እንግዳ አጥቶ ክረምቱን አክስቴ ዘንድ ላሳልፍ ወደ ገጠር ወጥቼ ነበር። አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበር። ቤቷ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መንገዱ እስኪሰፋ ድረስ ያን ቦታ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ከሰፋ በኋላ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ባለፈ ቁጥር ቆም እያለ በዓይኑ ይለካው ጀመር። ልቀቂልኝ ቢላት እምቢ አለችው።

ስለዚህ በቅሎዋ ስትታመም ማን እንደበላት ለማወቅ ብዙ ምርምር አላስፈለገም። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሰውንም ከብትንም በዓይኑ ይበላል። መድኃኒቱ የበላው ሰው ምራቅ ነው። ቡዳው መጥቶ በሽተኛው ላይ እንትፍ ካለ በሽተኛው ይድናል፤ ከተፋ ግን ቡዳነቱን አመነ ማለት ነው። አክስቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከተፋች ቡዳ ናት፤ ቡዳ ከሆነች ከመንገድ ዳር ትነሣለች፤ ቤቷም ቦታዋም ይሄዳል።

ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተጠራ። በቅሎዋም ተጎትታ መጣች። ሊቀመንበሩ በትሕትና፣ "በሉ እናቴ፣ እንትፍ ይበሉባትና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንግባ" አላት።

አክስቴ በነጠላዋ አፏን እንደሸፈነች፣ "ቆርቤያለሁ" አለች።

የቆረበ ሰው በዚያን ቀን አይተፋም። ሁሉም ወደ ንስሐ አባቷ ዞረ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እውነቷን ነው፤ ያቆረብኋት እኔው ነኝ፤ ዛሬ አትተፋም" አሉ። ቡዳ እንዴት ይቆርባል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጉዳዩ ለነገ ተላለፈ።

በማግስቱም ቆረበች። በፍልሰታ ቅዳሴ በየቀኑ ነው፤ አክስቴ በየቀኑ ቆረበች፣ በቅሎዋም በየቀኑ ተጎትታ መጣች። የተከበሩ ሽማግሌዎች በዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዘው ቆመው የአንዲት መበለት ምራቅ ይጠብቃሉ። እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ላይ በቅሎዋ ሰልችቷት ነው መሰል በራሷ ዳነች። ነገር ግን ጉዳዩ አንዴ ስለተጀመረ ስብሰባው አልቀረም።

ጾሙ በተፈታ ማግሥት የሊቀመንበሩ ሚስት ትንሿን ሴት ልጇን አዝላ እያለቀሰች አክስቴ ቤት መጣች። ሕፃኗ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች።

"በእመቤታችን፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፤ እንትፍ ይበሉልኝ" አለቻት።

እኔ ከኋላ ሆኜ አክስቴን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ እንዳታደርጊው ማለቴ ነው። አይታኛለች። ያን ቀን አልቆረበችም፣ ማመካኛ አልነበራትም። ልጅቷን ትክ ብላ አየቻትና፣ "አምጫት" አለች። ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "በይ አሁን ሩጡና ጤና ጣቢያ አድርሷት" አለችኝ። ወሰድናት፤ መርፌ ተወጋች፣ ሽሮፕም ተሰጣት። ሲመሽ ትኩሳቱ ለቀቃት።

እሑድ ሊቀመንበሩ ልጁን አቅፎ ስብሰባው ላይ ደረሰ። የመጣው በዚያችው በተበላችው በቅሎ ላይ ተቀምጦ ነው።

"ይኸው ማስረጃው" አለ ልጅቷን ከፍ አድርጎ። "ካልበላቻት ምራቋ እንዴት አዳናት?"

"መርፌ ተወግታ ነው የዳነችው" አልኩ።

"በቅሎዬስ ማን ወጋት? እሷም ድናለች እኮ" አለኝ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

አክስቴ ለመንገደኛው ደኅንነት ሲባል ከመንገድ ዳር እንድትነሣ ተወሰነ። የልጅቷ እናትም መሬት መሬት እያየች እጇን አወጣች። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ይውላል ተባለ፤ ዛሬ የሊቀመንበሩ ወፍጮ ቤት ቆሞበታል፣ ሕዝቡም ያስፈጭበታል። አክስቴን ይዤ ላሊበላ ስገባ በባጃጁ ውስጥ በንዴት አለቀስኩ።

"ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? ልጅቷ እኮ ታማ ነበር" አለችኝ።

አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሸክላዋን ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ጓሮዋን ግን ትናፍቃለች፤ ጭቃው እዚህ እንደዚያ አይደለም ትላለች።

በቀደም ስልኬ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ነው። ከብቱንም ቤተሰቡንም አንድ በአንድ እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅሁት፤ ወግ ነውና። በቅሎዋ ዘንድሮም ሆዷ ተነፍቷል።

"እህቴ፣ እንዳታስቀይሚኝ" አለኝ። "የእናታችንን ምራቅ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርገሽ በሚኒባስ ላኪልኝ። የሾፌሩን እኔ እከፍላለሁ።"

ስልኩን በእጄ ከድኜ ለአክስቴ ነገርኳት። ጠዋት ከእንቅልፏ ከተነሣች ጀምሮ ጓሮ ተቀምጣ ጭቃ ታቦካለች፤ ለቅዳሴም ከቤት አልወጣችም።

"ማን ነው የታመመው?" አለችኝ።

"በቅሎዋ ናት።"

"ቆርባለች በይው" አለችና፣ መዳፏ ላይ እንትፍ ብላ ጭቃዋን ማቡካቷን ቀጠለች።