አንድ ቮልት የሚያሳንሰው ቴስተር

አባቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ኖረው፣ ዐይናቸው ሲደክም ሱቁንም ቮልት የሚለኩበትን ባለ ጠቋሚ ቴስተራቸውንም ለእኔ ተዉልኝ። ታላቅ ወንድሜ ያኔ ሳዑዲ ሄዶ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት ጎረቤታችን ባትሪ ነው። ከጅዳ ተመልሳ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ከፍታለች፤ በሶላር የተሳላሚውን ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። ባትሪው ስንት ቮልት ላይ ሲደርስ ሶላሩ መሙላቱን እንደሚያቆም መቆጣጠሪያውን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ፣ በዚሁ ቴስተር ለክቼ። በወሩ ባትሪው ፈልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ መጣ።

“ወላሂ አንተን አምኜ ነው” አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለግሸኑ ንግሥ ሳምንት ቀርቶታል። አዲስ ባትሪ ገዝታ እሱንም ከነመቆጣጠሪያው እኔው ዘንድ አመጣችው። ይኼኛውንም ካፈላሁባት ሐይቅ ውስጥ ማን ደፍሮ ዕቃ ይሰጠኛል?

ቴስተሩ ሳይበላሽ አልቀረም ብላቸው አባቴ ተቆጡ። “እሱ አይዋሽም። እጅህን ጠይቀው።”

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ ፈታታሁት። ጠቋሚው ዜሮው ላይ በትክክል ያርፋል። የባትሪ ድንጋዮቹን ቀየርኩ፤ ያው ነው። የመኪና ባትሪ ስለካበት ዐሥራ አንድ ተኩል ይላል፤ የተዋስኩት ዲጂታል ቴስተር ግን ዐሥራ ሁለት ተኩል። የትኛው ነው ውሸታሙ? ሌላ ዲጂታል ለምኜ አመጣሁ፤ እሱም ዐሥራ ሁለት ተኩል። ደሜ ፈላ። እኛ ሰፈር ዕቃ መከልከል ነውር ስለሆነ ይኼን ቴስተር ያልተዋሰው የለም፤ ከተዋሱት አንዱ ነው ያቃጠለው ብዬ ግማሹን ከተማ በሆዴ ረገምኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ውስጡ ያሉትን ኮረንቲ የሚገቱ ሬዚስተሮች አንድ በአንድ ለካሁ። አንደኛው ቦታ ላይ በአንድ ሬዚስተር ፋንታ ሁለት ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ተበይደዋል። ሲደመሩ ከሚገባው ይበልጣሉ፤ ቮልቱን አሳንሶ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ሬዲዮና ቴፕ ላይ አንድ ቮልት ብዙም ስለማይጎዳ እስከዛሬ አላስተዋልኩትም። እግራቸው ከመበየዱ በፊት ሁለቴ ተጠምዝዟል። እንዲህ አድርጎ የሚጠመዝዝ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ አባቴ ናቸው።

ልኩን ሬዚስተር ከአንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ነቅዬ በየድኩበት። ጠቋሚው ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቆመ። የሴትዮዋንም መቆጣጠሪያ አስተካክዬ፣ በዲጂታሉም አመሳክሬ ላክሁላት። ቴስተሩን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

“እርስዎ የበየዱት ነው፤ አንድ ቮልት ያሳንስ ነበር” አልኳቸው።

ምንም አልመሰላቸውም። “አዎ፣ ልኩ ጠፍቶ ነው። እኔ አንድ እየደመርኩ ነበር የማነበው።”

“ታዲያ የሰው ባትሪ ስቀቅል ምነው ዝም አሉኝ?”

“ነግሬ ነበር እኮ” አሉ። “ለወንድምህ።”

“እሱ ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው!”

“ይመለስ የለ? ሲመጣ የሚሠራበት እሱ ነው ብዬ ነዋ።”

ክፋት የለባቸውም፤ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እንደ መናገር አድርገው ነው ያሉት። ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ የሱቁ ዘበኛ ነበርኩ።