የሌለ ደብዳቤ

ዋናው ሥራዬ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ማስተማር ነው። ጎንደር ውስጥ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝነቴ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ “ነባሯንና አዲሷን ተጫዋች እንዴት ነው የምትመርጠው?” ይሉኛል። ስለ ፍጥነት አወራለሁ፣ ስለ ልምድ አወራለሁ፣ ወጣት ሳይገባበት ቡድን እንደማያድግ አስረዳለሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። እኔ ግን እያወራሁ ሳለሁ አንድ ምርጫዬ ትዝ ይለኝና ፊቴን አዞራለሁ። ከቡድኑ ልጆች በቀር ለማንም በሙሉ አልተናገርኩትም።

አምበላችን ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቡድኑ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተጫውታለች፤ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጇ ጡት ሳትጥል ወደ ልምምድ ተመልሳለች። መንገዱ ሰላም አጥቶ ውድድር ሁሉ በቆመበት ጊዜ እኔ ለወራት ሜዳውን ሳልረግጥ ከርሜአለሁ። እሷ ግን ለቡድኑ ልጆች እየደወለች፣ አራትም ይምጡ አምስት፣ ያንን የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ሜዳ ጠርገው እንዲጫወቱ ታደርግ ነበር። ነገሩ ረገብ ብሎ “ውድድሩ ባሕር ዳር ሊካሄድ ነው” ሲባል፣ የሚወዳደር ቡድን የተገኘው በእሷ ነው።

አዲሷ ልጅ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከሳንጃ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አንደኛ ዓመት የገባች፣ ቁመቷ ከሁሉም በላይ የሆነ፣ ግራኝ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ቀን የመጣችው በሸራ ጫማ ነው። ስትዘል ግን ሁላችንም ቆመን አየናት። ኳሷን ከሰው እጅ የምትወስደው እንደ ራሷ ዕቃ ነው። ጉድለቷ ማንንም አለመስማቷ ነበር፤ ጓደኞቿ ባዶ ቦታ ቆመው እየጠሯት እሷ ብቻዋን ሦስት ሰው ውስጥ ትገባለች። አምበሏ በማግሥቱ ሁለተኛ ጫማዋን ይዛላት መጣች። “እግራችን እኩል ነው፤ በሸራ ጫማ ቁርጭምጭሚትሽን ትሰብሪያለሽ” አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ “እትዬ” እያለች ከኋላዋ አትጠፋም ነበር።

ዝርዝሩን ማዘጋጀት ስጀምር የአምበሏን ጉልበት አየሁ። ከልምምድ በፊት በፋሻ ትጠቀልለዋለች፤ የሜዳውን ደረጃ ስትወርድ ጎኗን አዙራ ነው። በእሷ ቦታ ልጅቷ መግባት እንዳለባት ማንም ኳስ የሚያውቅ ሰው ይነግረኝ ነበር። እዚህ ድረስ አላፍርበትም። አምበሏን ግን በተቀያሪነት ልወስዳት እችል ነበር፤ ቦታም ነበረኝ። ያልወሰድኳት በሌላ ምክንያት ነው። እሷ ስትናገር ልጆቹ ይሰማሉ። እኔ ጮኼ የማላገኘውን እሷ በአንድ ቃል ታገኘዋለች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ እኔ ስሳሳት እያየች፣ ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ወደ እሷ ሲዞሩ ታየኝ። ለዓመታት የሸከከኝ ነገር ነው። ልጅቷ መምጣቷ ሰበብ ሆነልኝ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት ወሰድኳት። እውነቱን ልነግራት ነበር የወሰድኳት፤ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። አቮካዶው መጣ። በማንኪያ እያማሰለች ስለ ጉዞው ማውራት ጀመረች፤ ልጇን እናቷ ዘንድ እንደምታደርግ፣ ከሥራ ፈቃድ እንደጠየቀች፣ አንሶላ ይዘን እንሂድ ወይስ አንያዝ። ያኔ ወኔዬ ከዳኝ።

“አንድ መጥፎ ነገር አለ” አልኳት። “ዘንድሮ የዕድሜ ገደብ ወጥቷል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነች አትመዘገብም።”

ማንኪያውን አስቀመጠችው። “ደብዳቤ መጥቷል?”

“መጥቷል።”

“አንተ አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ።”

መንገዱን፣ ባጃጆቹን፣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያለችኝን አልረሳውም። “ኮች፣ ለአንተም ከብዶህ ነው እንዲህ ፊትህ የተለዋወጠው። በል ተወው። አንተ ምን ታደርጋለህ?” እኔን አጽናናችኝ። ቀጥላም “እንግዲያው ልጅቷን እስከ ጉዞው ለብቻዋ ላሠራት። በእኔ ቦታ ከሆነ የምትገባው፣ ማቀበል ካልለመደች ያፍኗታል” አለች።

“ብታደርጊው ደስ ይለኛል” አልኳት። እንዲህ ያለ አፍ ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሜዳ ትመጣ ነበር። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አያቸዋለሁ። አምበሏ ሁለት ልጆች ታቆምና በአዲሷ ላይ ትልካቸዋለች። “ሁለት ሰው ከመጣብሽ፣ አንድ ጓደኛሽ ባዶ ቀርታለች ማለት ነው። አትደንግጪ። ቀና በይና ፈልጊያት” ትላለች። ልጅቷ ትሳሳታለች፣ እንደገና ያደርጉታል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ቀና ማለት ጀመረች። አምበሏ ወደ እኔ ዞራ አውራ ጣቷን ታሳየኛለች፤ እኔም መልሼ አሳያታለሁ።

ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው ዝርዝሩን ማኅተም ላስመታ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ቡድናችንን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁ አንድ ኃላፊ ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ሲያደርጉ በሩ ተንኳኳና አምበሏ ገባች። የሥራ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። እኔን ስታይ ደስ አላት።

“እንኳን አገኘሁህ፣ ኮች” አለችኝ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። “ጋሼ፣ ደሴ ያለች ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እሷ ግን ተመዝግባለች። ምናልባት ያ የዕድሜ ገደብ ተነስቶ ለእኛ ሳይነገረን ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት።”

“የምን የዕድሜ ገደብ?” አሉ ኃላፊው።

“ከሠላሳ በላይ አይመዘገብም የሚለው ደብዳቤ።”

“እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልመጣም። ቢመጣ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ማነው የነገረሽ?”

ዞራ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። መጀመሪያ ያየችኝ ግን እንድናገር እየጠበቀች ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ አጣርቼ አይደለም፣ አንድ ነገር እንድል። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ አየሁ። ያኔ ገባት። ሲገባት አይቻለሁ።

“ከሰው አፍ ነው የሰማሁት፣ ጋሼ። ተሳስቼ ነው” አለች።

ኃላፊው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። “ታዲያ ምነው ስምሽ የለም?”

“እኔው ነኝ አልሄድም ያልኩት። ጉልበቴን አሞኛል።”

“አይ! እንኳን ጉልበትሽ፣ አንቺ ተቀምጠሽ ብትመክሪያቸው ይበቃል” አሉ። እሷ ፈገግ ብላ እጅ ነሳችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

ኃላፊው ብዕራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። “እዚህ ታች አንድ ባዶ መስመር አለ። ስሟን ልጻፈው? ብትሄድ ትሄዳለች፣ ባትሄድም ምንም አይጎድልም።”

ይኼ ነው እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን የሚያቃጥለኝ። ውሸቱን በድንጋጤ ተናገርኩት ልበል፤ ዝምታዬንም በፍርሃት ልበል። ብዕሩ ግን አፍንጫዬ ሥር ነበር። ሁሉንም በአንድ መስመር ማቃናት እችል ነበር። ብትመጣ ግን በየቀኑ ዓይኗን ማየት አለብኝ። እናም “ጉልበቴን አሞኛል ብላ የለ፣ ጋሼ፤ ባናስቸግራት ይሻላል” አልኩ። እኔን ልታድን የተናገረችውን ቃል አንስቼ እሷኑ አስቀረሁበት። ማኅተሙ ተመታ።

ባሕር ዳር ላይ ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ብቻዋን አሸነፈች ማለት ይቻላል። በሦስተኛው የገጠመን ቡድን ነቅቶባት ነበር። ኳስ በነካች ቁጥር ሁለት ሁለት ሆነው ያጥሯታል። ኳስ ተነጠቀች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤ ሌሎቹ እርስ በርስ መጯጯህ ጀመሩ። ታይም አውት ጠራሁ። ልጆቹ ከበውኝ ቆሙ፤ እኔ ሰሌዳዬን ይዤ የምለው ጠፋኝ። ሁለቱ ትንንሾቹ ሳያስቡት ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዞሩ። ማንን እንደሚፈልጉ አውቄአለሁ።

የተናገረችው አዲሷ ልጅ ናት። ላቧን በክንዷ እየጠረገች “እትዬ ምን ነበር ያለችን? ሁለት ከመጡብኝ አንዳችሁ ባዶ ናችሁ። ቅርጫቱ ሥር ግቡልኝ፣ እኔ ቀና እላለሁ” አለች። ገቡ፤ አቀበለች፤ አገቡ። ያንን ጨዋታ አሸነፍን፤ በመጨረሻው ተሸንፈን ሁለተኛ ወጣን። ለጎንደር ትልቅ ነገር ነበር። የማያውቁኝ አሰልጣኞች ሳይቀሩ እየጨበጡ “ደፋር ነህ፤ ነባሯን ትተህ ወጣቷን አመንክ” አሉኝ። እኔም “አደራ ነው” ምናምን እያልኩ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንደ አገሯ ሰው እርስዎ ነበር የምትለኝ።

“ኮች፣ ያችን ጥቁር ሹራብ የለበሰችውን የደሴ ተጫዋች ዕድሜዋን ጠየቅኋት። ሠላሳ አራቴን ይዣለሁ አለችኝ። ከሠላሳ በላይ አይመዘገብም ያሉን ሕግ እሷን ምነው ተዋት?”

መስኮቱን አየሁ።

“ሕግ የለማ” አለች፣ ቀስ ብላ። ሌሎቹ ከኋላ እየዘፈኑ ነበር። “እትዬ ይኸን ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

“እያወቀች ነው የመጨረሻውን ሳምንት ያሠራችኝ?”

እኔም ይህንን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ከወጣች በኋላም አምበሏ ልምምድ አላቋረጠችም ነበር። እኔ እሷን ላለማየት አንድ ቀን ስብሰባ፣ ሌላ ቀን ራስ ምታት እያልኩ ቀርቻለሁ።

ልጅቷ እጆቿን ጭኖቿ ላይ እንዳደረገች ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ “እኔንስ መቼ ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?” አለችኝ። ለመስደብ አልነበረም። የምር ነበር የምትጠይቀኝ። ትንሽ ጠብቃኝ ተነስታ ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

አምበሏ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልመጣችም። ባለቤቷ ወደሚሠራበት ወደ ማክሰኝት ተዛውራ ጤና ጣቢያ እንደገባች ሰማሁ። ሳልሄድ ወራት አለፉ። ደብረ ታቦር ለምን እሄድ እንደነበር ረስቻለሁ እንጂ፣ በሚኒባስ ማክሰኝት ላይ ሳልፍ አንገቴን ሰብሬ ስልኬን ስነካካ ራሴን ያዝኩት። እንዳታየኝ ነው። ትልቅ ሰውዬ፣ ልጆች የማስተምር ሰው! በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ።

ገበያ ነበረ፤ ከብትና እህል የሚያወጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ላቦራቶሪው በር ላይ ወረፋ የያዙ ሰዎች አሉ። እኔም ወረፋዬን ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጓንቷን ሳታወልቅ “ይግቡ፣ ይቀመጡ” አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት አንተ ስትለኝ የነበረች ሴት ናት። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይኸ ከበደኝ።

“ዋሽቼሻለሁ” አልኳት። “ልነግርሽ ፈርቼ ነው። ከዚያም ጋሼ ስምሽን ልጻፍ ሲሉኝ አይሆንም ብያለሁ።” ይህንን የመጨረሻውን አታውቅም ነበር። ብልቃጥ የምትደረድርበት እጇ ቆመ።

“እንዲህም ነበር?” አለች።

“ምነው ታዲያ ሸፈንሽኝ?”

“ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ልጆቹ ሊሳፈሩ ሳምንት ነው የቀራቸው። አሰልጣኛችን ዋሽቷል እያሉ ይሂዱ?” ብልቃጦቹን መደርደር ቀጠለች። “ልጅቷ ከእኔ ትሻላለች። በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት። ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር። ሁለት ቀን አልቅሼ መጥቼ አሠራት ነበር። የከፋኝ መቅረቴ አይደለም። እውነቱ የማይነገራት ሴት ሆኜ መታየቴ ነው።”

“ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“እስቲ እናያለን” አለች። ውጭ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረው ነበር። “ሥራ አለብኝ፤ ሰዎቹ ከሩቅ ነው የመጡት” ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ሰኞ ልምምድ ላይ ልጆቹን ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብዕሩንም ጭምር። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነበር፤ እጄን ጋርጄ ነው የተናገርኩት። ከነባሮቹ አንዷ፣ ሠላሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። የሳንጃዋ ልጅ ግን መጫወቷን ቀጥላለች። የምላትን ትሰማለች፣ በሰዓቷ ትመጣለች። ከልምምድ በኋላ ግን ከእኔ ጋር አትቆምም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማክሰኝት እንደምትሄድ ከሌሎቹ ነው የሰማሁት።