ልብስ ሰፊው የዘጋው ክፍተት

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቱን ነው። መርፌ ያጠነከረው ጣት፣ አጠገቡ እንቅልፍ የጣላትን ልጅ አገጭ ከሥር ደግፎ አፏን ቀስ ብሎ ይገጥምላታል። ሲለቃት መልሶ ይከፈታል፤ እሱም መልሶ ይገጥማል። እኔ የታመመ መንጋጋዬን ይዤ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ያን ያህል ታክቶት ያን ያህል የማይተው እጅ አይቼ አላውቅም።

ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጅቱም የእሱ ናት። «ወንድሞቿ ወፍጮ ይሏታል» አለኝ። «ሌሊቱን በማንኮራፋት ስትፈጭ ታድራለች፣ ትምህርት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ድምፁ ድንገት ቁርጥ ሲል ነው እኔ ትንፋሿ ቆመ ብዬ ብድግ የምለው።»

ሐኪሟ ላንቃዋ ስለጠበበ በአፍንጫዋ በደንብ አትተነፍስም ብላ፣ ላንቃ የሚያሰፋ ብረት ገጠመችላት፤ በየማታው በትንሽ ቁልፍ ከፊት ወደ ጉሮሮ እንዲያዞረውም አሳየችው። አዞረ። ማንኮራፋቱ ረገብ ማለት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት አየ።

«ስፌቱ የተተረተረ መሰለኝ» አለኝ። «ያበላሸኋት መሰለኝ። እኛ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የተከፈተ ይዘጋል እንጂ ዝም አይባልም። ቁልፉን ከጉሮሮዋ ወደ ፊት መልሼ አዞርኩት።»

ክፍተቱ ሲጠብ ደስ አለው። ወፍጮው ግን ተመለሰ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ክፍተቱ እኮ ላንቃዋ መስፋቱን የሚያሳይ ነበር። ኋላ ይገጥማል፤ ካልገጠመም እኛ እንገጥመዋለን። ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኝ ይሆናል። እንቅልፍ ካጣሁ ጆሮዬ ይሰማል እንጂ አይዝም። አሁንስ ጊዜው አለፈባት?»

«አላለፈባትም። ግን እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሁልጊዜ ከፊት ወደ ጉሮሮ። ጥርስ ሲከፈት ቢያዩ ስፌት አያስቡ፣ ይደውሉልኝ።»

«አባዬ፣ ብረቱ እንደገና ሊያመኝ ነው?» አለች ልጅቱ።

«አይሰማኝም ብለሽኝ አልነበር?»

«አንተ እንዳትፈራ ነዋ።»

ሲወጡ ዓይኑ ቀልቷል፤ አኩርፎ ይሁን ሊያለቅስ መለየት አልቻልኩም። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ትከሻው ላይ ጣለና «ደህና ዋሉ» አለኝ፣ ሳያየኝ። በአንድ እጁ ልጁን ይዞ በረጅሙ ኮሪደር ራቀ። ሌላው እጁ አየር ላይ የሌለ ቁልፍ ያዞር ነበር፤ ከፊት ወደ ጉሮሮ፣ ከፊት ወደ ጉሮሮ፣ እስኪታጠፉ ድረስ።