ጫማዋን ሳታወልቅ

እህቴ ከምትኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከአውሮራ የምነሣበት ማለዳ እህቴን ካፖርቷን ደርባ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጇ ሰናይት ሻንጣዬን ወደ መኪናው እያወጣች ሳቅ አለችና፣ «አጎቴ፣ እማዬ እኮ ሰው የሚሄድ ቀን አትተኛም። ሁሌም ከነጫማዋ ነው የምትጠብቀው» አለችኝ። ያ ጫማ ነው ታጁራን ያስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ድሬዳዋ ነበር፤ አክስታችን ደግሞ ከባሏ ጋር ከጅቡቲ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ታጁራ ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። በዚያ ዘመን ወላዷ ከልጆቿ አንዱን ለመካን እህቷ ብትሰጥ ደግነት እንጂ ጭካኔ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። እናታችን እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ የሄደችው ለዚሁ እንደነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሰንበት ያለ ጉዞ የቀረልኝ የደረቀ ዓሣ ሽታ፣ በከንፈር ላይ የሚቀር ጨው፣ እንዲሁም መሬት ቆፍረን በዛጎል የተጫወትነው ገበጣ ነው፤ ይህም ቢሆን ትክክል ከሆነ።

የመለያያችንን ማለዳ ግን በደንብ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር። ጀልባችን ከወደቡ ሲርቅ እህቴ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ በአንድ እጇ አክስታችንን ይዛ፣ በሌላው ታወዛውዝልናለች። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ስንጓዝም ይህ ሥዕል ከፊቴ አልጠፋም። ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ ሳይቀር ተርኬዋለሁ።

ከመነሣታችን በፊት ቁርስ ላይ ይህንኑ ሳነሣ እህቴ ሻይዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።»

«ወደቡ ላይ አልነበርሽም?»

«እንዳላለቅስ ብላችሁ ሳልነቃ ነው የሄዳችሁት። ስነሣ ዛጎሎቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ተራው ያንተ ነበር። አክስቴ ‹ማታ ይመለሳሉ› አለችኝ።»

ስለ ዝናብ የምትነግረኝ ያህል ድምፅዋ የረጋ ነበር። እኔም ማዘን ይገባኝ ነበር፤ ያዘንሁ ግን አይመስለኝም። እንቁላሉ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላሁት። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ በባቡሩ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «እጇን ስታወዛውዝልህ አላየህም እንዴ?» ማለቷ ትዝ ያለኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁላት አላውቅም። ቢጫው ቀሚስ ከየት እንደመጣም አላውቅም።

በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ወደ ዴንቨር ባቡር ጣቢያ ሄድን። ያን ጊዜ ጀልባው ቀድሞ ባቡሩ ተከተለ፤ ዛሬ ባቡሩ ቀድሞ ካሊፎርኒያ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ከሳን ፍራንሲስኮ ልጄ ወደሚኖርበት ማዶ በጀልባ እሻገራለሁ። ሰናይት፣ «እናንተ ውረዱ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» አለችን።

ባቡሩ በር ላይ ስንደርስ እህቴ የካፖርቴን አንገት አስተካከለችልኝ።

«በል ግባ። ዛሬ ደግሞ ታለቅሳለች ብለህ እንዳትፈራ።»

«መቆሙ ይደክምሻል፤ ሂጂ።»

«አልሄድም። ነቅቼ ነው ያለሁት፤ አንተ ሂድ።»

ልጆች ሳለን እንዳታለቅስ ሲባል ስንብቱ ተወሰደባት፤ ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለን ስንብቱ በእጃችን ሲገባ የሚያለቅስ አልተገኘም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በጥንቃቄ አየኋት። ካፖርቷ ግራጫ ነው። ሁለቱም እጆቿ ኪሷ ውስጥ ነበሩ፤ እስክትሰወርብኝ ድረስ አላወዛወዘችልኝም፤ ቆማ አየችኝ እንጂ።

ይህን ባቡሩ ተራራውን መውጣት ሳይጀምር የምጽፈው ስለዚህ ነው። ትዝታዬን አውቀዋለሁ፤ ጥቂት ከቆየ እጇን ከኪሷ ያወጣዋል።