እትዬ ጽጌ የመረጡልን የክረምት መጻሕፍት

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አቃቂ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ መጽሐፍ ሻጭ መንገድ ዳር በወጠረው ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። የልጄ አስተማሪ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «በክረምት የሚያነበው ነገር ፈልጊለት» ብላኝ ስለነበር፣ ዝም ብዬ ከምቆም ልምረጥለት ብዬ የመጽሐፎቹን ሽፋን ገለጥ ሳደርገው፣ የረጠበ ወረቀት ሽታ፣ ያ አቧራና ሻጋታና ሙጫ የተቀላቀለበት ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው። አንዱን አነሳሁ፣ መለስኩት፤ ሌላውን አነሳሁ፣ እሱንም መለስኩት። ሰው ሳስተናግድ ስለዋልኩ ጭንቅላቴ ለአንድ ልጅ የሚሆን አንድ መጽሐፍ መለየት አቃተው። ዝናቡ ሲያባራ ባዶ እጄን ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ሚኒባስ ተጋፍቼ ገባሁ፤ ሽታው ግን እስከ ቤቴ ድረስ ካፍንጫዬ አልጠፋም።

እኛ ልጆች ሳለን የክረምት መጽሐፍ የሚመርጡልን እትዬ ጽጌ ነበሩ። እትዬ ጽጌ አባቴ በሚሠራበት ፋብሪካ ሽመና ክፍል ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ሲያደክመው የሠራተኞቹን ክበብ ቤተ መጻሕፍት እንዲጠብቁ የተመደቡ ሴት ናቸው። በደንብ ስለማይሰሙ ድምፃቸውን መመጠን አይችሉም ነበር፤ «ዝም በሉ!» ሲሉ ከሁላችንም ጫጫታ የሳቸው ይብሳል። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጣሪያዋ በሚያፈሰው በዚያች ክፍል በር ላይ ይሰለፋል። ይሄን እፈልጋለሁ፣ ያንን እፈልጋለሁ ማለት የለም፤ ከመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው ያዩንና ወደ መደርደሪያው ጎንበስ ብለው አንዱን ይዘው ይነሳሉ። ጨለማ ለሚፈራው ልጅ ሌሊት ለአደን ስለሚወጡ እንስሳት የሚያወራ፣ እጁ ለማያርፈው ተደባዳቢ ማዕበል ስለሚታገሉ መርከበኞች የሚተርክ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስለፈልፍ ለምውለው ለእኔ ደግሞ አንዲት ቃል ስለማትናገር ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሰጡኝ። ተናድጄ ወስጄው፣ አልቅሼ ጨረስኩት። ለጎረምሶቹና ለኮረዶቹ በጋዜጣ የተለበጠ የፍቅር ልብወለድ እያቀበሉ «እናትህ እንዳታይህ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው በሹክሹክታ የተናገሩ ይመስላቸዋል እንጂ እናቲቱን ጨምሮ ግቢው በሙሉ ሰምቶታል።

ከሁላችንም አንባቢው ግን ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ነበር። ለሱ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት አይበቃውም። ውኃ ሲቀዳ ያነባል፣ ሲበላ ያነባል፣ ዝናቡ ጋብ ሲል የባቡሩን ሐዲድ ይዞ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ እየተራመደ ያነባል። እናቴ «ይሄን ልጅ አንድ ቀን ባቡር ይበላዋል» እያለች ታማርራለች፤ ባቡሩ ግን ከስንት አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ ዳንኤልን የሚገፋው የሰው በግ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ያነበበውን ለእኔ ይተርክልኛል፤ ደስ ያላለውን መጨረሻ እየለወጠ እንደሚተርክልኝ ያወቅኩት ራሴ ማንበብ ስጀምር ነው።

መንግሥት ተለወጠና ጥቂት ቆይቶ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ አባቴም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ማለዳ ተነሥቶ የሥራ ልብሱን ይለብስና የሚሄድበት ስለሌለው ደጃፋችን ላይ ይቀመጣል። በዚያው ክረምት ክበቡም ተዘጋ። ክፍሏ ለዕቃ ማስቀመጫ ተፈለገችና መጻሕፍቱ በኪሎ ተሸጡ። የገዛቸው ባለሱቁ ጋሽ ከድር ነው፤ በጉርምስናው ከስልጤ መጥቶ እኛ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ሕፃን ሲላክ ከረሜላ መርቆ የሚልክ ደግ ሰው። ፌስታል እንዲህ እንደዛሬው ስላልበዛ ስኳሩም ሽሮውም የሚጠቀለለው በወረቀት ነበር፤ እሱም መጻሕፍቱን የገዛው ለዚሁ ነው።

እትዬ ጽጌ መጻሕፍቱ በጋሪ በተጫኑ ማግስት በርጩማቸውን ይዘው ሱቁ ደጃፍ መጡ።

«ከድር፣ ገንዘብህን ከፍለህበታልና መቅደድህን አልከለክልህም» አሉት። «የትኛውን እንደምትቀድ ግን እኔ ልንገርህ።»

«ወረቀት ያው ወረቀት አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

«አይደለም!» ሲሉ በርበሬ ልትገዛ የቆመች ሴት ዘላ ወደ ኋላ አለች። ጋሽ ከድር ሳቀና ለበርጩማው ከዝናብ የተከለለ ቦታ አሳያቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬ ጽጌ ሥራ በየማለዳው የሚቀደደውን መምረጥ ሆነ። መጀመሪያ ያለፈው መንግሥት ንግግሮችና መግለጫዎች ሄዱ፤ ያን ሁሉ ዓመት በጭብጨባ የሰማናቸው ቃላት ጨው ተሸክመው ሲሄዱ ማንም አላዘነም። ቀጥሎ ማንም ሊያነባቸው በማይችል ቋንቋ የተጻፉት የማሽን መጽሐፎች፣ ከዚያ አሮጌ መጽሔቶች ተከተሉ። በሐምሌ ሠፈሩ በሙሉ አንባቢ ሆነ፤ ሰው ሽሮውን ዕቃው ውስጥ ከገለበጠ በኋላ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ያያል፣ ወሬው መሐል ላይ ሲቋረጥበት ጎረቤቱ ምን እንደደረሰው ሊጠይቅ ይሄዳል። እኛም የተመረጡልንን መጻሕፍት እንደ ድሮው እየወሰድን እንመልሳለን። እትዬ ጽጌ ግን ከሳምንት ሳምንት እየዛሉ ሄዱ። የልጅ መጽሐፍ መምረጥ ደስታቸው ነበር፤ የሚሞተውን መምረጥ ጉልበታቸውን ጨረሰው። አንዳንድ ቀን አንዱን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሳይከፍቱትም ሳይሰጡትም ይውሉ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ከልጆችና ከወጣቶች መጻሕፍት በቀር የሚቀደድ ጠፋ። በዓሉ ተቃርቧል፣ ገበያው ደርቷል።

«እትዬ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? ስኳሩን በእጃቸው ልስፈርላቸው?» አለ ጋሽ ከድር፣ እሱም ጨንቆት።

እትዬ ጽጌ ደጃፉ ላይ ወደተኮለኮልነው ልጆች ዞረው «ደብተር አምጡ!» ብለው ጮኹ። «የጨረሳችሁትን ደብተር ሁሉ! ሚዛኑ ላይ በደብተራችሁ ልክ መጽሐፍ ይወጣላችኋል!»

ጋሽ ከድር አላመነታም፤ የደብተር ወረቀት ሰፋ ያለ ነው፣ ለመጠቅለል ይመቻል። እኛም ጭቃውን እየረገጥን ወደየቤታችን ሮጥን። ሚዛኑ በአንድ ወገን የእኛን የተንጋደደ ፊደልና ስህተት የበዛበት ሒሳብ፣ በሌላው ወገን ተረትና ጀብዱ ተሸክሞ ሲወዛወዝ እንደ ሠርግ እልል ማለታችን ትዝ ይለኛል። ነገር ግን የአንድ ልጅ ደብተር ምን ያህል ይመዝናል? የሁላችንም ተደምሮ ከክምሩ ጥቂት ነካ እንጂ ሌላ አላደረገም።

ዳንኤል የመጣው ያኔ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የጻፈባቸውን፣ ማንበብ የማትችለው እናቴ አልጋዋ ሥር እንደ ጥሎሽ ያስቀመጠቻቸውን ደብተሮች በሙሉ በትልቅ ካርቶን ተሸክሟል። እናቴም ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ አይታ ነጠላዋን እየደረበች ተከትላዋለች። እትዬ ጽጌ የላይኛውን ደብተር አንሥተው ገለጡት።

«ይሄ የዘንድሮህ ነው» አሉ። «ሚኒስትሪን አልፈህ የለም እንዴ? ዘጠነኛ ስትገባ ያስፈልግህ የለ?»

ዳንኤል አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አለ። እኔ አጠገቡ ሆኜ አልሰማሁትም፤ እትዬ ጽጌማ እንዴት ይሰሙታል?

«አልሰማሁህም!»

ደግሞ አለ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተጠጉት።

«ትምህርት አቁሜያለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ከመስከረም ጀምሮ ታክሲ ላይ ልሠራ ነው! ረዳት እሆናለሁ! አባዬ ሥራ የለውም!»

ጋሽ ከድር ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች፤ ይህን ነገር ከሱ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር፣ ለእኔም እንደዚያው። ዳንኤል ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ያን ቃል ቀስ ብሎ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተናግሮት ሊሄድ ነበር ያሰበው።

እትዬ ጽጌ ደብተሩን ወደ ካርቶኑ ሊመልሱ ፈልገው፣ ክምሩንም ልጁንም አዩ። እጃቸው ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ «መዝነው፣ ከድር» አሉና፣ ሰው ሁሉ ሊሰማው ከሚችለው ድምፃቸው ዝቅ ብለው «አንተ ያንተን ራስህ ምረጥ፤ ላንተ መምረጥ ዛሬ አቃተኝ» አሉት። ለአንድም ልጅ እንዲህ ብለው አያውቁም። ዳንኤል ክምሩን ለረጅም ጊዜ አገላበጠ፤ እያንዳንዱን ከፈት እያደረገ የመጀመሪያውን መስመር ያነብና ይዘጋዋል። ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ እኔ እያመለከተ «ሁሉም ለነሱ ይሁን፤ ለሂሩት ግን ወፍራም ወፍራሙን ይስጧት፣ ቶሎ ትጨርሳለች» አላቸው።

በማግስቱ እትዬ ጽጌ ቤታችን መጥተው አባቴን ሲቆጡት መንገደኛ ሁሉ ሰማ። አባቴ «ምን ላድርግ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አላቸው፤ እሳቸውም የቀረበላቸውን ውኃ ጠጥተው ሄዱ። ጋሽ ከድር ደግሞ የዳንኤልን ካርቶን ባንኮኒው ሥር ገፍቶ ሌላ ወረቀት ከመርካቶ አስመጣ። «ልጅ ነው፣ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል» አለ። መስከረም አለፈ፣ ምዝገባው ተዘጋ፤ ዳንኤል ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ቃሊቲ፣ ሳሪስ!» ማለትን ለመደ፣ ድምፁም ጎረነነ። ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ከሱቅ ያመጣሁትን ስኳር እናቴ ስትገለብጥ፣ ወረቀቱ ላይ የዳንኤልን የእጅ ጽሑፍ አየሁ፤ አስተማሪው በቀይ ቀለም «በጣም ጥሩ» ብሎበታል። እናቴ ፊደሉን ባታውቀውም እጁን ታውቀዋለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው፣ የተጣበቀውን ስኳር አንድ በአንድ ለቀመች፣ ከዚያ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አስገባችው። ዳንኤል ያን ጊዜ እራቱን እየበላ ነበር፤ ቀና ብሎ አየና ጉርሻውን ቀጠለ።

እኔ መጻሕፍቱን አነበብኳቸው። ወፍራም ወፍራሞቹን አንብቤ፣ ደግሜ አንብቤ፣ እነሱው እየገፉኝ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ፤ ሥራም ያዝኩ፣ ልጅም ወለድኩ። እትዬ ጽጌ ካረፉ ቆይተዋል፤ መንገዱ ሲሰፋ የጋሽ ከድር ሱቅ ፈርሶ እሱም ልጆቹ ወዳሉበት ሄዷል፤ በፋብሪካው ጡሩምባ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰውም አልቀረም። የሠፈር ልጆች ለቅሶ ላይ ስንገናኝ የምናነሳው ይሄንን ነው፤ ክበቡን፣ ሱቁን፣ የእትዬን ጩኸት። ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ይተርካል፣ እንስቃለን። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን የጠፋብኝ ክፍሏም ሱቁም አይመስለኝም። ያ ክረምት ከቤታችን የተሻለው አንባቢ ከትምህርት የወጣበት ነበር፤ የሱ ድርሻ ለእኔ ተመዝኖ ተሰጠ፣ እኔ ደግሞ ዛሬ አንድ ገጽ ሳነብ ዓይኔ ይከደናል።

ዳንኤል አሁን የራሱን ሚኒባስ ይነዳል፤ ሦስት ልጆች ያስተምራል፣ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ አየዋለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተኝቶ አገኘዋለሁ። በመስኮቱ አጠገብ አልፋለሁ፣ አልቀሰቅሰውም።