ያልተሳፈርኩበት ባቡር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ትንፍሽ ብዬው አላውቅም። ለፓስተሬም አልነገርኩ፣ ለጎረቤቴም አልነገርኩ። እንዲያውም መድረክ ላይ ወጥቼ ተቃራኒውን መስክሬ ሃሌሉያ ተብሎልኛል። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። ማዘን ካሻችሁ ለትርንጎ እዘኑላት።

አሁን ያለሁት ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል፣ ትርንጎ ቤት ነው። ትርንጎ ከስደተኞች ካምፕ ጀምሮ እህቴ የሆነች ሰው ናት። እሷ ላይ፣ እኔ ታች፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ አሥራ አራት ወር ተኝተናል። ኋላ እሷን ዙሪክ፣ እኔን ጄኔቭ መደቡን። ከትናንት ወዲያ ልጄን ሊድያን ይዤ ልጠይቃት መጣሁና በረዶ ያዘኝ። በረዶ ስላችሁ የምር በረዶ! የቆሙት መኪኖች ጣሪያቸው ብቻ ነው የሚታየው። አውቶቡስ የለም፣ ባቡሩም ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ትርንጎ ደግሞ በረዶ በጣለ ቁጥር የምታወራው አንድ ወሬ አላት።

ትናንት ምሳ ላይ አወራችው፤ ታች ፎቅ ላለች አዲስ መጪ ልጅ።

«ይሄ ምን በረዶ ነው! የዛሬ አሥር ዓመቱን ባየሽ! ይቺ የምታያት» አለች በአገጯ እኔን እየጠቆመች፣ «የእናቴን መርዶ ልታረዳኝ ከጄኔቭ ተነስታ፣ ሎዛን ላይ ባቡር ውስጥ ስድስት ሰዓት ተቀርቅራለች። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ! እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?»

ስድስት ሰዓት። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ነበር። ውሃውን የጨመረችው እሷ ናት፤ እኔ ስለ ውሃ ምንም አላልኩም። ግን አርሜያትም አላውቅም።

እኔ እዚያ ባቡር ውስጥ አልነበርኩም። ጣቢያው ድረስም አልሄድኩም። ያን ቀን ጄኔቭ፣ ሰፈራችን ግራንድ ሳኮኔ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ዳገት፣ ከልጄ ጋር በረዶ ላይ ስንሸራተት ነው የዋልነው።

ልድገመው? በረዶ ላይ ስንሸራተት ነው የዋልነው።

ዋዜማውን ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። ዙሪክ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የትርንጎ እናት ማረፋቸውን ወንድሟ ለእሳቸው ነበር የነገራቸው። ወጉም ይኸው ነው፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት ሄዶ፣ ከግራ ከቀኝ ደግፎ ነው። «ያላንቺ አንነግራትም» አሉኝ። «አንቺን ስታይ ትጽናናለች። ነገ ከሰዓት ሥራ ትገባለች፤ ከዚያ በፊት ድረሺልን።» እደርሳለሁ አልኩ። ጎረቤቴ ልጄን ልትይዝልኝ ተስማማች። ጥቁር ልብሴንም ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ከተማው ነጭ ሆኗል። ጄኔቭ እንደዚያ ያለ በረዶ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚጥለው። ሊድያ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በፒጃማዋ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «ማማ! ላ ኔዥ! ላ ኔዥ!»፣ በረዶ በረዶ እያለች በፈረንሳይኛዋ ትዘላለች። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ትልቁን የፕላስቲክ ትሪ ይዘን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ወገቤን አንቃ፣ ቁልቁል!

ወይ ጉድ፣ እንዴት ሳቅን! ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ፓኪ በሚባለው ሰፈር ሆቴል ለሆቴል የሰው አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን እንደ ሰው ደስ አለኝ። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛ፣ ከዚያ አሥረኛ። ፈርቼ ነው የቀረሁት? አልፈራሁም። አሞኝ ነው? ደህና ነበርኩ። አውቶቡስ ጠፍቶ ነው? ኤዲያ! አውቶቡሱ አጠገባችን አልፏል፤ ሹፌሩ ለሊድያ እጁን አውለብልቦላታል። ማልቀስ አላሰኘኝም፣ በቃ። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ጋሽ ደምሴ ደወሉ። «የት ደረስሽ ልጄ? ተሰብስበናል እኮ። ካልሆነልሽ እኛው እንሂድ?»

እዚህ ላይ ስሙኝ። «እናንተው ሂዱ» ብል ኖሮ ጥፋቴ መቅረት ብቻ ነበር። እኔ ግን ሳቄን ውጬ፣ «ሎዛን ላይ ባቡሩ ቆሟል፣ በረዶው ነው። እባካችሁ ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው» አልኩ። ጠበቁኝ። አሥራ አንድ ሰው ጥቁር ለብሶ ጋሽ ደምሴ ሳሎን ተቀምጦ እኔን ጠበቀ። እኔ ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ ትሪውን ይዤ ወደ ዳገቱ ተመለስኩ።

ትርንጎ ምንም ሳታውቅ ሥራ ገባች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስልኳን ስትከፍት፣ የአጎቷ ልጅ የእናቷን ፎቶ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። እንዲህ ነው የሰማችው። ብቻዋን፣ በቁሟ። በሥራ ልብሷ፣ በክፍት ጫማ እንደወጣች የዚልን ወንዝ ተከትላ በዚያ በረዶ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች። ጋሽ ደምሴ ያገኟት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው። እስከ ዛሬ ብርድ ሲመጣ የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች ይደነዝዛሉ።

በማግስቱ ደረስኩ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ ለቅሶው እንኳ የእውነት ነበር። እሷ ግን የእኔን እንባ እየጠረገች «ለእኔ ብለሽ በዚያ ብርድ!» አለችኝ። ከሁለት እሑድ በኋላ ደግሞ ጌታ ባቡሩ ውስጥ እንዴት እንደጠበቀኝ መሰከርኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

አሥር ዓመት በዚህ ኖርኩ። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተኝቼ። ታዲያ ዛሬ ምን ነካሽ ትሉኝ ይሆናል። ሊድያ ናት።

ትናንት ያን ወሬ ስትሰማ ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። ሰሃን ስናጥብ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ማማ፣ ያ ቀን እኛ ሉዥ ነበርን፣ ኖን? ትሪው ጋር። እኔ አስታውሳለሁ» አለችኝ። ሉዥ የምትለው በረዶ ላይ መንሸራተቱን ነው። ከልጅነቷ ሁሉ የምትወደው ቀን ነው፤ ቤት ውስጥ አንስታው አትጠግብም። «ዝም በይ!» አልኳት። «ትርንጎ ፊት እንዳታነሺው።» እራት ላይ ትርንጎ፣ «ሊድዬ፣ ጄኔቭ እንዲህ ያለ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት ልጄ አንገቷን ደፍታ «አላስታውስም» አለች።

አያችሁ? እኔ መዋሸቴ አልበቃኝም፤ ልጄን ያቺን አንዲት ቀኗን በአፏ አስካድኳት።

እንግዲህ ስለ ሳቁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ዛሬም ያ ዳገት ቢመጣ እስቃለሁ። በደሌ «ጠብቁኝ» ያልኩት ነው። እሱንም በረዶው ነው አትበሉልኝ። ደክሞሽ ነበር፣ ልጅ ይዘሽ ነበር አትበሉልኝ። አልቀበልም።

አሁን ትርንጎ ታች በሩ ላይ በረዶ እየጠረገች ነው፤ ዛሬ የእሷ ተራ ነው። አካፋው ሲጭር ይሰማኛል። ሁለት ካልሲ ደርባ ነው የወረደችው። ነግሬያት የምሸሽበት ባቡር የለም፣ ስለዚህ ዛሬን መረጥኩ። «ከቤቴ ውጪ!» ካለችኝ በዚያው በዚል ዳር በእግሬ እሄዳለሁ።

ሊድያን ቀስቅሼያታለሁ። «ተነሽ አብረን እንውረድ» አልኳት። «ስለ ትሪው አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ ስለ ስልኩ እኔ።» አሁን ጫማዋን እያሰረች ነው።