አሥራ ዘጠኝ ቀን በሸራ ጀልባ

አማኑኤል ከተማ ውስጥ የዘመናይ ስም ሲነሣ «የቷ? ባሕር ላይ የተንሸራሸረችው?» ይላሉ። ተንሸራሸረች አሉ እንግዲህ! የሰው አፍ መቼ ይዘጋል። ጥፋቱ ግን የሰው ብቻ አይደለም፤ ወሬውን ለአገር የሰጠችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ አራት ዓመት ሠርታለች። በሁለተኛው ዓመት አሠሪዎቿ የሸራ ጀልባ ተከራይተው ወደ ቱርክ ዳርቻ ለሽርሽር ሲወጡ ይዘዋት ሄዱ። ለምን እንደወሰዷት መቼም አይጠፋችሁም። ማን ያብስልላቸው? ማን ይጠብላቸው? ነፋሱ ሸራውን ሲወጥረው ጀልባው በአንድ ጎኑ ይጋደማል፤ እነሱ ላይ ሆነው ይስቃሉ፣ እሷ ታች ምድጃውን በአንድ እጇ ይዛ ታስመልሳለች። አንድ ቀን እንዲሁ ሲጋደም የፈላ ውሃ ጭኗ ላይ ተገለበጠ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ዳቦና ቲማቲም እየበላች ጾመች፤ መዳሟ ደግሞ «ምግቤን ተጸየፍሽው» ብላ አኮረፈቻት።

ከሰዓት በኋላ ተራራ የከበበው ጸጥ ያለ ወሽመጥ ገብተው መልሕቅ ይጥላሉ። ውበቱስ አይካድም። ጥዱ ከተራራው ወርዶ ውሃው ዳር ድረስ ቆሟል፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ መልሕቁ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ይታያል። እነሱ እየዋኙ ወደ የብስ ይወጣሉ፣ እሷ ጀልባ ጠባቂ ትሆናለች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እግሯ መሬት አልነካም። ያን ያህል ያማረ ቦታ ላይ ያን ያህል መከፋቷ እስከ ዛሬ ያናድዳታል።

አንድ ቀን መዳሟ ፎቶ ልትነሣ ፈለገችና፣ ብርሃኑ እንዲሞከር መጀመሪያ ዘመናይን አቆመቻት። ሽርጧን አስወለቀቻት፤ «ሳቂ» አለቻት። ባልየው ያነሣውን ፎቶ ወደ ዘመናይ ስልክ ላከው። ዘመናይም እናቷ በሐሳብ እንዳያልቁ ብላ «እማ፣ ደህና ነኝ፤ እየተዝናናሁ ነው» የሚል ቃል ጨምራ ወደ ታናሿ ወደ እስከዳር ስልክ ላከችው። በቃ፣ አለቀ። እናቷ እትዬ ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደው አሳጥበው፣ ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት።

ዘመናይ ከተመለሰች ይኸው ሦስት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ እስከዳር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆን አላትና «እኔም ቤሩት እሄዳለሁ» አለች። ምናለ የሚባል የኤጀንሲ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቤት ድረስ መጣ፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይፈርም አለ። እናትየው «ዘመናይ ትፈርም፤ አገሩን ታውቀው የለ» ብለው ወሰኑ።

አልፈርምም አለች። እናቷን ወደ ጓዳ ወስዳ ሁሉን ዘረገፈችው፤ ማስመለሱን፣ ጀልባ ጥበቃውን፣ በትእዛዝ የሳቀችውን ሳቅ። በመጨረሻ እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ቀሚሷን ገለበችና የጭኗን ጠባሳ አሳየቻቸው።

እትዬ ሥራነሽ ጠባሳውን አዩት። «እዚህስ ቢሆን እሳት አይፈጅም?» አሉ። «አንቺ ያየሽውን እህትሽ እንዳታይ ነው? ይሄን ምቀኝነት ከማን ወረስሽው በሞቴ?»

ስትዋሽ አመኗት፤ እውነቱን ስትናገር ምቀኛ ሆነች። ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

እስከዳር ከበሩ ኋላ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል፤ ተከትላት ወጣች።

«እኔ አምንሻለሁ» አለቻት።

«አምነሽኝ ነው የምትሄጂው?»

«እዚህ ተቀምጬ ምን ልሁን? ካልፈረምሽልኝ በመተማ ድንበር ሾልኬ እወጣለሁ። ከቁይ ከተማ ከሚሄዱ ልጆች ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።»

የልጅ ማስፈራሪያ ቢሆን ደግ ነበር። በመተማ ወጥተው የደረሱበት ያልታወቀ ልጆችን ሁለቱም በስም ያውቃሉ፤ ከነዚያ ልጆች አንዷ ክፍል ውስጥ እስከዳር ጎን ተቀምጣ የተማረች ናት።

ዘመናይ ተመልሳ ገባች። ብዕሩን ከምናለ እጅ ተቀበለችና ፈረመች፤ የሚፈረመው ሁለት ቦታ ላይ ነበር፣ ሁለቱም ላይ ፈረመች።

እትዬ ሥራነሽ ከመደቡ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ከቤሩት ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስመዋት አያውቁም።

«እሰይ ልጄ» አሉ፤ «ገና ዛሬ እህት ሆንሽላት።»